ባለ ባርኔጣው አያቴ

ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ባለው ምግብ ቤታችን፣ በማቀዝቀዣውና በእጅ መታጠቢያው መሃል፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል። እኛ ቤት በልቶ እጁን የታጠበ ሁሉ ያውቀዋል። ሳሙና እያሸ ቀና ሲል ከሰውዬው ጋር ይፋጠጣልና። እቴቴ የምላት አክስቴ፣ የቤቱ ባለቤትና የእኔም አሳዳጊ፣ እንግዳ ፎቶውን ትክ ብሎ ሲያይ ካየች የያዘችውን ጥላ ትመጣለች።

"አባቴ ናቸው" ትላለች።

"ነፍስ ይማር" ይላል እንግዳው። ሌላ ምን ይበል?

ፎቶው እንዲህ ነው። ባርኔጣውን ወደ አንድ ዓይኑ ያዘነበለ፣ ጢሙን እንደ ክር ያቀጠነ፣ ትልቅ ካፖርት የለበሰ ሰው የስልክ እጀታ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። ከጎኑ ሶፋ ላይ አንዲት ሴት ራሷን ስታ ወድቃለች። አንድ እጇ ግንባሯ ላይ ነው፣ ሌላው ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል፣ ከጸጉሯ ግን አንዲት ዘለላ አልተበላሸችም። ከኋላቸው ባለ መጋረጃ መስኮት ያለው ግድግዳ አለ። ግድግዳው መሃል ላይ ሲደርስ ያልቃል። ካለቀበት ወዲያ የደገፉት ጣውላዎች፣ አንድ መሰላል፣ መሰላሉ ላይ ደግሞ ቁጭ ብሎ ዳቦ የሚገምጥ ባለ ቆብ ሰው ይታያል። በቀኝ በኩል ባለ ሦስት እግር ጥቁር ሳጥንና የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ክርን አለ። የስልኩም ሽቦ ወለሉ ላይ ይወርድና ከምንም ጋር ሳይገናኝ እዚያው ይቀራል።

ሰዎቹ ፈረንጆች ናቸው። ፊልም እየሠሩ ያሉ ፈረንጆች። የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ አላውቅም፣ ፊልሙንም አላየሁት፣ ግን ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም፣ ማየት ይበቃል።

እቴቴ ግን መልስ አታጣም። "አባቴ ቀይ ነበሩ" ትላለች፣ እሷ ራሷ ከጠይምም አለፍ ያለች ሆና ሳለ። "ደግሞ የድሮ ፎቶ ሰው ያቀላል።" እሳቸው ዳኛ ነበሩ። ስልክ ለአውራጃው የገባው በእሳቸው ነው። የወደቀችው እህታቸው ናት፣ ሹመታቸውን ሰምታ በደስታ ነው የወደቀችው። ግድግዳው ያላለቀው ቤቱ ገና እየተሠራ ስለነበር ነው። ዳቦ የሚበላው ቀለም ቀቢው ነው፣ ዳቦውን የሰጡት እሳቸው ናቸው፣ ቸር ነበሩ። ባለ ሦስት እግሩ ሳጥን የመሬት መለኪያ ነው፣ መሬታቸው እንዲህ በቀላሉ በገመድ ተለክቶ የሚያልቅ አልነበረም። ስለ ሽቦው አንድ ጊዜ ጠይቄያት "አንቺ ልጅ፣ ምን አስፈተሸሽ?" ብላ ሽንኩርት አስላጠችኝ።

እና ማንም ምንም አልላትም። ጁባ የምንኖር አበሾች ብዙ ነገር ጥለን መጥተናል፣ ይሉኝታን ግን ድንበር ላይ ማንም አልወረሰንም። ካሸራችን እንኳ፣ ጋምቤላ ስደተኛ ጣቢያ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰች የዚሁ የደቡብ ሱዳን ልጅ፣ አንድ ቀን በሹክሹክታ "ይሄ ሰውዬ ከዋጃ ነው እኮ" አለችኝ። ከዋጃ እዚህ ፈረንጅ ማለት ነው። "ታዲያ ለምን አትነግሪያትም?" ስላት፣ "እኔ እናንተ አገር ነው ያደግኩት፣ ይሉኝታ አለብኝ" አለች።

እንግዲህ እንደዚህ እየኖርን ሳለ እኔ ላገባ ሆነ።

ሰውየው ንያኩሮን አካባቢ የጄኔሬተር መለዋወጫ ይሸጣል። የእኛ ጄኔሬተር በምሳ ሰዓት እየቆመች ስታሰቃየኝ እሱ ጋ ተመላለስኩ፣ በኋላ ጄኔሬተሯ ስትድንም ተመላለስኩ። እሱንም ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፤ ሱቁ የእሳቸው ነው፣ ቁጣውም የእሳቸው ነው። እጮኛዬ በሁሉም ነገር ደፋር ሆኖ አጎቱ ፊት ሲቆም ብቻ ምላሱ ይጠፋዋል።

ሽማግሌዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው በጁባ ሙቀት ጋቢያቸውን የማያወልቁ፣ ሆቴል ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ሁለተኛው የጅምላ ነጋዴው ሐጂ ናቸው፣ ከእቴቴ ጋር በዘይት ዋጋ ሲጨቃጨቁ ቤተሰብ ሆነዋል። ሦስተኛው የእጮኛዬ አጎት ናቸው። እኔ እንደ ደንቡ ጓዳ ተደብቄ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ፣ ካሸሯም ከኋላዬ ተጠግታ ታያለች። ነገሩ ሁሉ በጎ ነበር። አባባ "ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ፣ እቴቴ ትንሽ ተግደረደረች፣ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ "መልካም ነው፣ ዘር ማንዘሩ ተቆጥሮ ይታይ፣ እስከዚያ እህል ቅመሱ" አለች። አጎትየው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።

ሳሙናውን አንስተው ቀና አሉ። ከዚያ ሳሙናው ሲወድቅ ሰማሁ።

"አያቴ!" ብለው ጮኹ። "ባለ ፈረሱ አያቴ!"

ፎቶው ውስጥ ፈረስ የለም። በኋላ ሲያስረዱ እንደሰማነው ፈረሱ ከቤት ውጭ ታስሮ ነው።

በእርጥብ እጃቸው ስልካቸውን አወጡ። አገር ቤት እናታቸው ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ አንስተውት ኖሯል፣ ለሁሉም አሳዩ። ያው ባርኔጣ፣ ያው ጢም፣ ያው ዳቦ። በእሳቸው በኩል ግን ሰውዬው ጦረኛ ናቸው። ስልኩ የጦር ሜዳ ስልክ ነው። የወደቁት ባለቤታቸው ናቸው፣ የዘመቻውን ወሬ ሰምተው። ግድግዳው በመድፍ የፈረሰ ነው። ሳጥኑ መትረየስ ነው። ዳቦ የሚበላው ምርኮኛ ነው፣ አያትየው ምርኮኛ ሳይቀር ያበሉ ነበር፣ ቸር ነበሩ።

እቴቴ ደሟ ፈላ። "አባቴ መትረየስ ነክተው አያውቁም! ዳኛ ናቸው! መሬት ነው የሚለኩት!"

"ጀግና መሬት ያስለካል እንጂ ራሱ ሲለካ አላየንም!" አሉ አጎትየው።

"ለመሆኑ ስማቸው ማን ይባላል?"

አጎትየው ስሙን ተናገሩ። እቴቴም የአባቷን ስም ተናገረች። ሁለቱ ስሞች በአንድ ፊደል እንኳ አይገናኙም። ጓዳ ውስጥ እፎይ አልኩ፣ በቃ አለቀ ብዬ። ሽማግሌ መኖሩን ረስቼ ነው። ሽማግሌ ሲባል ሁለት ሰው ሲጣላ ካየ ማስታረቅ አለበት፣ እውነቱ የማንም ይሁን የማን።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ልጆቼ" አሉ አባባ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። "የዓለም ስም አለ። የክርስትና ስም አለ። የፈረስ ስም አለ። አንድ ትልቅ ሰው በሦስት ስም ቢጠራ ምን ያስገርማል? ደግሞስ የድሮ ሰው ዳኛም ጦረኛም ቢሆን ማን ይከለክለዋል? ጠዋት ይፈርዳል፣ ከሰዓት ይዘምታል።"

"በስተርጅናም ይወልዳል" አሉ ሐጂ፣ በአባትና በአያት መካከል ያለውን የዕድሜ ነገር ለማቃናት።

እቴቴና አጎትየው ተያዩ። ሁለቱም ሳያሸንፉ ሁለቱም አልተሸነፉም። ከዚያ አጎትየው "እንግዲያ... አክስቴ ነዎት ማለት ነው?" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። በዕድሜ ቢበዛ በጥቂት ነው የምትበልጣቸው። እቴቴም ሳመቻቸው። ሐጂ "ያ ሰላም! በሰው አገር ዘመድ መገናኘት!" አሉ። ተላቀሱ። ተጎራረሱ። ጥብሱን እኔ ነበርኩ የሠራሁት።

አባባ እጃቸውን ሲጠርጉ ነው ጣታቸውን ማጠፍ የጀመሩት። "ልጂቱ ለእሳቸው የልጅ ልጅ። ልጁ ደግሞ የልጅ ልጅ ልጅ።" ጣታቸውን አዩት። እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም በሚባልበት አገር ተወልደን፣ እኛ ጭራሽ ከሦስት አላለፍንም። "ውይ" አሉ። "ልጆቹ ለካ ዘመድ ናቸው።"

"በእኛማ ማፊ ሙሽኪላ ነበር፣ ችግር የለውም" አሉ ሐጂ በሐዘን። "የአጎት ልጅ ይጋባል። የእናንተ ጠበቅ ይላል።"

ባሌ ሊሆን የነበረው ሰው የአያቴ የልጅ ልጅ ልጅ ሆኖ ዋለ። ጓዳ ውስጥ ጭልፋ ይዤ ቀረሁ። ካሸሯ ጀርባዬን እየመታች "በእኛም ዘመድ ከሆነ የጥሎሽ ከብቱ አይነዳም፣ ወላሂ" አለችኝ። ለማጽናናት መሆኑ ነው።

እጮኛዬ ጋ ደወልኩ። "ሄሎ፣ እህቴ" አለኝ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። መልሶ ሲደውል ድምፁ ተለውጧል። አጎቱ አገር ቤት ለዘመድ ሁሉ እየደወሉ ጁባ ላይ የጠፋ ወገን አገኘን እያሉ ነው አለኝ። "ንገራቸዋ፣ ሰውዬው ፈረንጅ ነው በላቸው" አልኩት። "ነገ እነግራቸዋለሁ" አለ። በድምፁ አወቅኩት፣ የእሱ ነገ መቼም አይመጣም። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ፣ አሁንም እንደዚያው ነኝ፤ ያን ቀን ግን በጄኔሬተር መፍቻ ብመታው አይቆጨኝም ነበር።

በማግስቱ አባባ ሆቴል ሄድኩ። በረንዳው ላይ ለብቻቸው ነበሩ።

"አባባ፣ እርስዎ በእውነት አልታይዎ ብሎ ነው?"

ግራ ቀኝ አዩ። "ልጄ፣ እኔ መቼ ዕውር ሆንኩ? መጀመሪያ ሽሮ ልበላ የመጣሁ ቀን ነው ያየሁት። ግን ለሰው አባቱን 'ፈረንጅ ነው' ይባላል? ያውም ለሁለት ሰው?"

"እኔ ታዲያ ቆሜ ልቅር?"

አሰቡበት። "ባል ይገኛል" አሉ በመጨረሻ። "አባት ግን ከየት ይመጣል?"

ይህን ይዤ እስከ ሙኑኪ በእግሬ ተመለስኩ። አቧራው፣ "ያላ፣ ውጪ!" የሚለኝ የቦዳቦዳ ሞተረኛ ሁሉ አልተሰማኝም። ቤት ስደርስ የምሳ ሰው ወጥቷል። እቴቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩና ምስሩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"እቴቴ፣ ይሄ ሽቦ የት ነው የሚሄደው?"

"አንቺ ልጅ..."

"ሽንኩርት ተልጧል። ሽቦው የት ነው የሚሄደው? ሴትዮዋ ደስ ብሏት ከወደቀች ጸጉሯ እንዴት አልተነካም? ቤት ሠሪ መጋረጃ ሰቅሎ ነው ግድግዳ የሚያቆመው? በካፖርት ቤት ውስጥ ምን ይሠራሉ? ይሄ ሳጥን ካሜራ ነው እቴቴ። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ዳቦውን የሚበላው ሌሎቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው።"

ለመጀመሪያዎቹ መልስ ሰጠችኝ፣ በየተራ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ መልሷ አለቀ። ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

"እኔ ዕውር መስዬሽ ነው?" አለች።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አባቴ እኔና እናትሽ ሳናውቃቸው ነው የሞቱት። ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። እናቴ ፍሬሙን ገበያ የገዛችው፣ ድንገት አንድ ፎቶ ከዘመድ ቢገኝ ብላ ነው። ይሄ ነጋዴው ባዶ እንዳይመስል ከቶበት የነበረ ሥዕል ነው። ፎቶ አልተገኘም። እሷም አላወጣችውም፣ በምን ትተካው? አንድ ቀን 'ይሄ ማነው?' አልኳት። 'አባትሽ ነው' አለችኝ። ደክሟት ነበር መሰለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አባቴ ናቸዋ። ትምህርት ቤት ስሄድ ደህና ዋሉ ብዬ ነው የምወጣው። አደግ ብዬ ሲኒማ ቤት በር ላይ እንደዚህ ያለ ፎቶ ተደርድሮ አየሁ። ያን ቀን ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን..."

"ታዲያ ምን ላድርግ? በዚያ ዕድሜዬ ሌላ አባት ልፈልግ?"

አንጀቴን በላችው። ሳቄም መጣ፣ ለቅሶዬም መጣ፣ ሁለቱ አንድ በር ላይ ተጋፉ። እሷ ግን የፎቶውን መስታወት በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ መልሳ ሰቀለችውና ምስሯን ወደ ራሷ ሳበች። ነጋዴው በዚያ ገበያ ስንት ፍሬም እንደሸጠ፣ ያ ባለ ባርኔጣ በስንት ቤት ስንት ልጅ እንዳሳደገ እግዜር ይወቀው።

"እሑድ ጥሪያቸው" አለችኝ።

እሑድ ሦስቱም መጡ። አጎትየው ለአክስታቸው ብለው ኬክ ይዘዋል። እጮኛዬም ደንቡን ጥሶ በር ላይ ቆሟል። እቴቴ ነጠላዋን አደግድጋ መሃል ቆመች።

"እንዳታቋርጡኝ። ይህ ግድግዳ ላይ ያሉት ሰው አባቴ አይደሉም።"

አቋረጧት። "ኧረ ይሄ ምን ይባላል!" አሉ አባባ ደንግጠው። "አፍንጫው ቁርጥ እርስዎን!"

"ግንባሩስ!" አሉ ሐጂ። "ዘይት ሲወደድባት እንደዚሁ ነው የምትቋጥረው!"

"አይደሉም ስላችሁ!"

"ቁጣው ሳይቀር! አላየህም፣ ሐጂ? ቁጣው ሳይቀር የእሳቸው ነው!"

"ሰውዬው ፈረንጅ ነው!" ብላ ጮኸች። አንቱታውን ስትጥል ያን ጊዜ ሰማኋት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ፊልም እየሠራ ነው! ያ ካሜራ ነው! ስልኩ አይሠራም! ሽቦው የትም አይሄድም!"

"ኧረ ወላሂ ከዋጃ ነው!" አለች ካሸሯ ከመጋረጃው ኋላ። ዓመታት ይዛው የኖረችው ነገር ነው፣ አፏ ላይ እጇን ብትጭንም አመለጣት።

ሁላችንም አጎትየውን አየን። እንደተቀመጡ ናቸው፣ ኬኩ ጭናቸው ላይ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ አላውቅም፣ አባቱ ገበያ ላይ የጠፋበት ልጅ መሰሉኝ። እቴቴም አየቻቸው። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ማለቴ... የእኔ አባት አይደሉም ማለቴ ነው፣ ጋሼ። የእርስዎን እኔ አላውቅም። እኔ የምናገረው ስለ ራሴ ነው።"

አጎትየው ቀና ብለው ፎቶውን አዩ።

"እንግዲያ የእኛ ብቻ ናቸው" አሉ ቀስ ብለው።

አባባ ከመቀመጫቸው እንደ ልጅ ዘለው ተነሡ። "ተፈታ! ዝምድናው የለም! ልጅቷ ባዳ ናት!" ሐጂ "አልሐምዱሊላህ! ኸላስ፣ አለቀ!" አሉ። ባዳ ተብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እጮኛዬ በር ላይ ሆኖ ጥርሱን ያሳየኛል፣ ምንም ያልሠራ ሰው። እልል ተባለ፣ ተመረቀ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ እኔም ከጓዳ ወጥቼ የሁሉንም ጉልበት ሳምኩ።

በዚህ ሁሉ መሃል እቴቴ ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶውን አወረደች። የተሰቀለበት ቦታ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ቀረ። በነጠላዋ ጠቅልላ አጎትየው ፊት አቀረበችው።

"የእርስዎ ናቸው፣ ይውሰዷቸው" አለች። እጇ ግን ፍሬሙን አልለቀቀም። "ወይም... አሁን እንግዲህ አማቾች ሆነን የለ? በአማችነት እንኳ እኔ ጋ ቢቆዩ... ከፈቀዱልኝ።"

አጎትየው ተነሡ። ፍሬሙን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፣ ነጠላውን ገልጠው ሰውዬውን አዩት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጡና በዚያው ምስማር ላይ ሰቀሉት። ዘንበል ያለ መስሏቸው በጣታቸው አቃኑት።

"ይቆዩ፣ እትዬ" አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡን። "እርስዎን ለምደዋል።"

እቴቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እሳቸውም ከወንበሩ ለመውረድ አልቸኮሉም።